ዘርፍ በወሬ አይመረጥም፤ የካርቱም ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1999 ክረምት የመጀመሪያው የሱዳን ድፍድፍ ነዳጅ ከሄግሊግ የነዳጅ መስክ ተነስቶ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በቧንቧ ከተጓዘ በኋላ ቀይ ባሕር ላይ በመርከብ ተጫነ። በማግስቱ ዓመት ከካርቱም በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የጀይሊ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ካርቱም ውስጥ ምህንድስና ለጨረሰ ወጣት ከዘመድም ከጓደኛም የሚመጣው ምክር «ማስተርስህን በነዳጅ አድርገው» የሚል ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቻይናና የማሌዥያ ኩባንያዎች ገብተዋል፤ ደመወዙ ጥሩ ነው፤ የከተማዋ አዳዲስ ሕንፃዎችም በነዳጅ ገንዘብ እየቆሙ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆነች። ከነዳጁ ምርት ሦስት አራተኛው ገደማ ከአዲሱ ድንበር ወዲያ ቀረ። በዚያ ሳምንት በነዳጅ ምህንድስና የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የነበረ ተማሪ አልሰነፈም፣ ስሌትም አልተሳሳተም። ሙያውን የመረጠው በወቅቱ ወሬ ነበር፤ ወሬው ደግሞ ከአገሪቱ ካርታ ጋር ተቀየረ።

ካርቱም የእኛም ልጆች የተማሩባት ከተማ ናት። በደርግ ዘመን በመተማና በሁመራ በኩል የተሻገሩ ወላጆች ልጆች እዚያ ተወልደው በደይም፣ በሰሃፋና በጅሬፍ ሰፈሮች አድገዋል፤ አማርኛና ትግርኛን እቤት፣ ዓረብኛን ጎዳና ላይ፣ እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ እየተናገሩ። ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ብዙ ተማሪ ሲቀበል የኖረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫው እዚያው ነው። ከእነዚህ ወጣቶች ምህንድስናን ገፍቶ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስበው ማመልከቻውን ሲሞላ «የጥናት ዘርፍ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ያኔ ለወንድሙ፣ ለእህቱ፣ ቀድሞ ለተመረቀ ጓደኛው ስልክ ይደውላል። የሚጠይቀውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ሥራ ያለው የትኛው ነው?

ጥያቄው ያስፈለገው ከችግር ነውና አልነቅፈውም። የአባቱ ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከወር ወር በጭንቅ የሆነ ልጅ ስለ ሥራ አይጠይቅ ማለት ግፍ ነው። ሆኖም በሰው አገር ለሚማር ሰው ይህ ጥያቄ ብቻውን መንገድ ያስታል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ዛሬ ሥራ ያለበት ዘርፍ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያውም በየትኛው አገር እንደሚኖር ለማያውቅ ሰው፣ ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረውም። ሊያውቀው የሚችለው ሌላ ነገር አለ። ይህ ከተማ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምን አለው? ነገ ከተማውን ለቅቄ መውጣት ቢኖርብኝስ ከእኔ ጋር አብሮ የሚወጣው እውቀት የቱ ነው? ካርቱም ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ነበራት። ብዙዎቻችን ግን አጠገባችን ያለውን መልስ አልፈን ሄድን።

መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ልበል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። የምህንድስና ትምህርት በ1939 ተጀመረ፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ኮሌጁ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1950 ከተቋቋመው የካርቱም ቴክኒክ ኢንስቲትዩት አድጎ በ1990 አሁን ያለውን ስም ያገኘ ነው። በዚያው ዓመት አካባቢ መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ዓረብኛ እንዲሆን አዘዘ። በምህንድስና ድህረ ምረቃ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ተማሪ በሩን ከፍቶ ያቆየለትም ይህ ነው።

ወደ ወንዙ ልምጣ። ሙግረን በሚባለው ቦታ ነጭና ጥቁር ዓባይ ሲገናኙ ያየ ሰው፣ በተለይ በነሐሴ ያየ ሰው፣ ሁለቱ ውኆች ለረጅም ርቀት ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቷል። የእኛው ዓባይ ቡና መስሎ ይወርድ ነበር። ያ ቀለም የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ አፈር ነበር። የሕዳሴ ግድብ ከመሞላቱ በፊት ወንዙ ወደ ሱዳን ድንበር የሚያደርሰው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ የጀመረው የሮዛሪስ ግድብ አርባ ዓመት ያህል ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ሲሶውን ያህል ያጣው በዚህ ደለል ነው። ሱዳን ግድቡን በ10 ሜትር አስረዝማ በ2013 ስታስመርቅ ከወጪው አንዱ ክፍል ከእኛ ተራራ የወረደው አፈር ለያዘው ቦታ ማካካሻ ነበር ማለት ይቻላል።

ደለል መለካት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ከጀልባ ላይ በተወሰነ ጥልቀት ጠርሙስ ይጠልቃል። አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወሰድና በማጣሪያ ወረቀት ይጣራል። ወረቀቱ ከነጭቃው 105 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ይደርቅና በማንኛውም ደህና ቤተ ሙከራ በሚገኝ ሚዛን ይመዘናል። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ስለ አንዱ ሰዓት ብቻ የሚናገር መሆኑ ነው። ጎርፉ ሲጨምርና ሲቀንስ ደለሉ ከፍሰቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ በክረምቱ መጀመሪያ ላይ ያለው ጎርፍ፣ የታረሰውና ገና ሣር ያልሸፈነው ማሳ ስለሚታጠብ፣ ብዙ ጊዜ የበለጠ ጭቃ ይይዛል። የሮዛሪስ ግድብ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ ለአሥርተ ዓመታት ሐምሌና ነሐሴን ውሃውን ዝቅ አድርገው በሩን ከፍተው ጭቃውን ያሳልፉና መሙላት የሚጀምሩት ደለሉ ከቀነሰ በኋላ በመስከረም ነበር። ይህች አንዲት የአሠራር ደንብ የግብርናን፣ የኃይል ማመንጫንና የአፈርን ሳይንስ በአንድ ላይ ትይዛለች። ካርቱም ለሚማር ኢትዮጵያዊ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ዓለም ላይ የት ይገኛል? ሆላንድ ሄዶ ስለ ደለል ይማራል፤ የሚማርበት ምሳሌ ግን ብዙ ጊዜ ይኸው የዓባይ ደለል ነው።

ይህን የተረዱ ሱዳናውያን ነበሩ። ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ ወድ መደኒ ላይ ያለው የሃይድሮሊክ ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ወንዙን በመለካት ነው። ማዕከሉን የመሩት ያሲር አባስ የዶክትሬት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 በሆላንዷ ዴልፍት ያጠናቀቁት በሱድ ረግረግና በዓባይ የውሃና የአየር ንብረት ግንኙነት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ርዕስ የሰማ ሰው «ይህ ምን ሥራ ያስገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሲር አባስ የሱዳን የመስኖና የውሃ ሀብት ሚኒስትር ሆኑና በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ድርድር አገራቸውን ወክለው ተቀመጡ። በእኛ በኩል የተቀመጡት ዶክተር ስለሺ በቀለም ሚኒስትር ሆነው ከመሾማቸው በፊት በአርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ያስተማሩ የሃይድሮሎጂ ሰው ናቸው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሦስቱ አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ፣ ስለ ሙሌቱና ስለ አለቃቀቁ የሚመክር ገለልተኛ የሳይንስ ቡድን ሲያቋቁሙ ከየአገሩ አምስት አምስት ባለሙያ ነበር የመደቡት። እንዲህ ያለ ወንበር የሚሞላው ከዓመታት በፊት ስለ ፍሰትና ስለ ደለል ለማጥናት በወሰነ ሰው ነው። ያንን ሰው በችኮላ ማፍራት አይቻልም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ከሮዛሪስ በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ደለሉም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ተለውጧል እንጂ አላለቀም። ጅሬፍ ሰፈር የኖሩ ወገኖቻችን በወንዙ ዳርቻ የተደረደሩትን የጡብ ምድጃዎች ያውቋቸዋል። ጎርፉ ሲጎድል ዳር ላይ የሚተወው ጭቃ ተቆፍሮ፣ በቅርጽ ተመትቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ የካርቱም ቤቶች የተሠሩበት ቀይ ጡብ ይሆናል። በየዓመቱ አዲስ ጭቃ ይመጣ ነበር። አሁን የሚመጣው ውሃ የጠራ ነው። የጠራ ውሃ ደግሞ የወንዙን ታችና ዳር መሸርሸር ይቀናዋል። የጡብ ሠሪው አፈር ከየት ይመጣል? የመስኖ መውሰጃዎችና የድልድይ መሠረቶች ምን ይሆናሉ? የሮዛሪስ የመስከረም ደንብስ አሁንም ያስፈልጋል? እያንዳንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ርዕስ ነው። ደግሞም ከላይም ከታችም ያለውን አገር ቋንቋ የሚናገር ሰው፣ ማለትም አማርኛም ዓረብኛም የሚያውቀው የካርቱም ልጅ፣ ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ ነው።

ሁሉም ወደ ውሃ ይግባ ማለቴ ግን አይደለም። ሁለተኛው የካርቱም ሀብት ከእግር በታች ያለው ነው። ከገዳሪፍ እስከ ገዚራ የተዘረጋው ጥቁር አፈር እኛ መረሬ የምንለው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌና በአቃቂ፣ በጎጃምና በፎገራ ሜዳ የምናውቀው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የቆመውን ቤትና መንገድም አብሮ ያነሳና ይጥላል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕንፃና የመንገድ ምርምር ኢንስቲትዩት በዚህ በሚያብጥ አፈር ላይ ብዙ ሠርቷል። ሙከራውን ያየ ሰው አይረሳውም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት የአፈር ቁራጭ በብረት ቀለበት ውስጥ ትገባለች፤ ከላይ ክብደት ይጫንባታል፤ ውሃ ይጨመራል። ከዚያ የመለኪያው መርፌ በዝግታ መዞር ይጀምራል። አፈሩ የተጫነውን ብረት ወደ ላይ እየገፋ ነው። ከመተማ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሠራ ኮንትራክተር ሁሉ ያች መርፌ የምትነግረውን ነገር ማወቅ አለበት። ይህ እውቀት ድንበር አያግደውም፤ አፈሩ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነውና።

ሰው የሚያነሳው ሌላው ዘርፍ ቴሌኮም ነው። ሱዳናዊው ሞ ኢብራሂም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፤ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ እንግሊዝ ሄደው በብራድፎርድ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ፤ በበርሚንግሃም ደግሞ በተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ሞገድ ላይ ዶክትሬት ያዙ። ያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ አልነበረም፤ «ሥራ ያለው የትኛው ነው?» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን አይመርጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሴልቴል የተባለውን የሞባይል ስልክ ኩባንያ መሠረቱ፤ በ2005 ኩባንያው በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። ብዙ ወጣት ከዚህ ታሪክ የሚወስደው «ቴሌኮም ሀብታም ያደርጋል» የሚለውን ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። ሞገድ በሕንፃና በኮረብታ መካከል እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ትውልድ ስልክ ቢመጣም አምስተኛው ቢመጣም አይደናገጥም። ሞ ኢብራሂም የያዙት መሠረቱን ነበር፤ መሣሪያው በየአምስት ዓመቱ ይቀያየራል።

በዚህ ዓይን ሲታይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ከአገራችን የሲቪል ምህንድስና ተመራቂዎች ብዙዎቹ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመርጡት የኮንስትራክሽን ማኔጅመንትን ነው። ጠቃሚ ሙያ ነው፤ አገር ውስጥ ለሚማርና ለሚሠራ ሰው እመክረዋለሁ። በሰው አገር ለሚማር ግን የመጀመሪያ ምርጫው ሊሆን አይገባም ባይ ነኝ። የዚያ ሙያ ግማሹ የአንድን አገር የግዥ ሕግ፣ የውል ልማድ፣ የዋጋ ማስተካከያና የክርክር አፈታት ማወቅ ነው። ካርቱም ላይ የተማረው ሕግ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ አይረዳውም። የመዋቅር ስሌት፣ የአፈር መካኒክስ፣ የኃይል ሥርዓት ትንተና ግን የትም ቢሆን ያው ነው። የኃይል ዘርፉን እዚህ ላይ ባነሳ ደስ ይለኛል። ከጎንደር በመተማ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሁለቱን አገሮች ካገናኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም ያለው ቀጥታ ጅረት መስመርም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ጀምሯል። የሁለት አገር ኔትወርክ ተያይዞ አንዱ ሲናጋ ሌላውን እንዳይጥል የሚያሰላ መሐንዲስ በአካባቢያችን ገና በጣም ያስፈልጋል።

ባዕድ መሆን ራሱ በዘርፍ ምርጫ ላይ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ አማካሪ መምህራንም ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አያወሩም። ሱዳን ውስጥ የውጭ ዜጋ ከካርቱም ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ፣ ፎቶ ለማንሳትም ሌላ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ያለፈበት ተማሪ ናሙና ይዞ ኬላ ላይ ቢቆም የሚያስበው ስለ አፈሩ አይደለም፤ ስለ ከሻው (ስለ ፖሊስ አፈሳው) ነው። የዓባይ ፍሰት መረጃ ደግሞ በሦስቱም አገሮች እንደ ጸጥታ ሰነድ ተጠብቆ የሚቀመጥ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካርቱም ላይ ሲጠይቅ፣ ሱዳናዊም አዲስ አበባ ላይ ሲጠይቅ፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ብልህ ተማሪ ርዕሱን ከመምረጡ በፊት መረጃው እጁ ሊገባ የሚችል መሆኑን ያረጋግጣል። የከተማ ጎርፍ አንድ አማራጭ ነው። በነሐሴ 1988 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ሌሊት የወረደ ዝናብ ካርቱምን አጥለቅልቋት ነበር፤ በ2020 ደግሞ ወንዙ ከ17 ሜትር በላይ ሞልቶ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ውሃው የሚሄድበት ተዳፋት የለውም። ይህን ለማጥናት የሳተላይት ምስልና የዝናብ መረጃ ይበቃል፤ ኬላ መሻገር አያስፈልግም።

ማዕቀቡንም መርሳት የለብንም። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት ካርቱም ያለ ተማሪ የምህንድስና ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ መግዛት ቀርቶ የማመልከቻ ክፍያ በካርድ መክፈል እንኳ አይችልም ነበር። በጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) ኮርሴራ የተባለው የኦንላይን ትምህርት ድርጅት በዚሁ ሕግ ምክንያት ለሱዳን ተማሪዎች በሩን ዘጋ። ውድ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ዘርፍ የመረጠ ተማሪ ፈቃዱ በማይታወቅ ቅጂ ለመሥራት ተገደደ፤ ውጤቱን ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ለማሳተም ሲፈልግ ደግሞ ተሳቀቀ። እንደ ኪውጂአይኤስ ያለ ማንም በነፃ የሚያገኘው የካርታ ሥራ መሣሪያ የለመደ ተማሪ ግን ሥራውን ይዞ የትም ሄደ። የትምህርት ክፍል ስትመርጡ ምን ሶፍትዌር እንደሚጠቀሙ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ካርቱም ላይ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ተኩስ ተከፈተ። እርግጥ የትምህርቱ መቋረጥ በዚያ ቀን አልጀመረም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በተነሳው ሕዝባዊ አመፅ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለወራት ተዘግተው ነበር፤ ተከትሎ ኮቪድ መጣ፤ በጥቅምት 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። የሁለት ዓመት ማስተርስ አራትና አምስት ዓመት ሲፈጅ ያየ ብዙ ነው። ጦርነቱ ግን የቀረውን ሁሉ አናጋው። የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ተቃጠሉ፣ ቤተ ሙከራዎች ተዘረፉ፣ መዝገብ ቤቶች ተዘጉ። በታኅሣሥ 2023 ወድ መደኒም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በጥር 2025 ነው። ካርቱም እንደገና በጦሩ እጅ የገባችው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነበር። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ከተሻገሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ሱዳናውያንም፣ ተመላሽ ኢትዮጵያውያንም፣ መመረቂያ ጽሑፋቸውን ሳይጨርሱ የወጡ ተማሪዎችም አሉበት።

ከመካከላቸው አንዳንዱ ላፕቶፑ ውስጥ የአሥር ዓመት የዝናብ ሠንጠረዥና ሞዴል ይዞ ወጣ። ሌላው ሥራው ሁሉ ተቆልፎ በቀረ ክፍል ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ነበር። ልዩነቱ የጉብዝና አይደለም። ነገር ግን የዘርፍ ምርጫ ሲደረግ ከዚህ በኋላ መታሰብ ያለበት ነገር መሆኑን እናምን። ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ ዘርፍ አትምረጡ አልልም፤ የአፈሩን መርፌ ያለ ማሽን ማየት አይቻልም። ርዕሱ ሲቀረጽ ግን ማሽኑ በአንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ የሚቀር ክፍል ይኑረው፤ ጥሬ መረጃውም በየሳምንቱ ከከተማው ውጭ ባለ ቦታ ይቀመጥ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በኮርስና በመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰጥ፣ እንዲሁም በምርምር ብቻ የሚሰጥ ሁለት ዓይነት ማስተርስ ነበረው። ለባዕድ ተማሪ፣ ያውም ሰላሟ ባልጸና ከተማ፣ የመጀመሪያውን እመርጥለታለሁ። ትምህርቱ ቢቋረጥ እንኳ ያለፋቸው ኮርሶች በወረቀት ይቆጠሩለታል። በምርምር ብቻ የሚሄደው ሰው ጽሑፉ ካላለቀ እጁ ላይ የሚቀረው ነገር የለም፤ የሚንጠለጠለውም በአንድ አማካሪ ላይ ነው። አማካሪው ሲሰደድ ተማሪውም ይሰደዳል።

ስለ አማካሪ ካነሳሁ አይቀር፤ ዘርፍ ከመምረጥ ይልቅ ሰው መምረጥ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ተማሪው ባለፉት አምስት ዓመታት መምህሩ ያሳተመውን ያንብብ። ያማከራቸው ተማሪዎች በስንት ዓመት እንደጨረሱ፣ ከእነሱ መካከልም የውጭ ዜጋ እንዳለ ያጣራ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፤ «በእርስዎ ሥር መማር እፈልጋለሁ» ብቻ ሳይል «በዚህ ሥራዎ ላይ ያየሁት ይህ ጥያቄ አልተመለሰም፣ መረጃውም ከዚህ ሊገኝ ይችላል» የሚል። መልስ የሚጽፍለት መምህር ያለበት ዘርፍ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከታዋቂው ዘርፍ ይበልጥበታል።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልግባ። ከካርቱም ትምህርታቸውን አቋርጠው የተመለሱት ወጣቶች የሚያንኳኩት የእኛን ዩኒቨርሲቲዎች በር ነው። ባሕር ዳር የዓባይን ውሃ የሚያጠና ተቋም አለው፤ አርባ ምንጭ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የውሃ ምህንድስና ሲያስተምር ኖሯል፤ ጎንደር ለድንበሩ ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአፈርና የኃይል ቤተ ሙከራ አለው። እነዚህ ልጆች ይዘው የመጡት የታችኛውን ተፋሰስ እውቀት ነው፤ በገንዘብ ልንገዛው የማንችለው እውቀት። እኛ ግን የምንጠይቃቸው በካርቱም የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት ነው። ማኅተሙን የሚመታው ቢሮ ተዘግቶ፣ መዝገቡ ያለበት ሕንፃ ተቃጥሎ፣ ይህን መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ማኅተም ማምጣት ላልቻለ ተማሪ በአቻ ግምት ፋንታ የመግቢያ ፈተና ይሰጥ፤ ኮርሶቹን ማወቁን ራሳችን እንፈትነው። ጽሑፍ ብቻ የቀረው ደግሞ የአገር ውስጥ አማካሪ ተመድቦለት፣ በስደት ያለው የካርቱም መምህሩም በኦንላይን ተባባሪ ሆኖ፣ እዚሁ ይጨርስ። ስደተኞች እንዲማሩ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስላለ ሱዳናውያን ተማሪዎችም ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም። ከሁለቱም አገር የመጡ ሁለት ተማሪዎች ባሕር ዳር ላይ አንድ አማካሪ ሥር ተቀምጠው አንዱ ከሕዳሴ በላይ ያለውን፣ ሌላው ከሕዳሴ በታች ያለውን ደለል ቢያጠኑ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ መመሪያና ጥቂት ፈቃደኛ መምህራን ናቸው። መመሪያው ከሚቀጥለው የድህረ ምረቃ ምዝገባ በፊት ይውጣ።